ጣፊያዋ ውስጥ የቋጠረው

ኅዳር 6 ቀን

ውድ ወንድሜ ቀለሜው፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ጤናህ እንደምመኝልህ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። እናትህ፣ አክስቴ፣ ግን ደህና አይደለችም፤ ስለዚህ ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ነገሬ ልግባ።

ባለፈው ደብዳቤ «ትንሽ ያተኩሳታል» ብዬህ ነበር። ትንሹ ትልቅ ሆነ። የጀመረው ከጥርሷ ነው። የኋለኛው መንጋጋዋ አብጦ ሳምንት ሙሉ ጉንጯን በሻሽ አስራ ስትቀመጥ፣ ሄደሽ ተነቀይው ብላት «ዶክተር ልጄ ሲመጣ ያየዋል» አለችኝ። አንተ ደግሞ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነህ፣ መጣሁ ካልክ። እብጠቱ በራሱ ጊዜ ፈነዳና ተገላገልን ስንል፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን ትኩሳቱ መጣ። ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይላታል፤ ብርድ ልብስ ስደርብላት ላቡ ያጠምቃታል። ምግብ ማየት አስጠላት። ቀሚሷን ሦስት ጊዜ አጠበብኩላት።

ጤና ጣቢያው «ወባ ነው» አለ። ክኒኑን ጨረሰች፣ አልተሻላትም። «እንግዲያው ታይፎይድ ነው» አሉ። እሱንም ጨረሰች። ሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ ሰውየው ቀና ብሎ «ዛሬስ ምን ነው?» አለን፤ እኛ መርምረን የምንነግረው ይመስል።

ስለዚህ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰድኳት። አንዲት ሴት ሐኪም ደረሰችን፤ ቁመቷ ከትከሻዬ አያልፍም። እስካሁን ማንም ያላደረገውን አደረገች፦ ልብሷን ገልጣ ነካቻት። በግራ ጎኗ፣ ከጎድኗ ሥር ጫን ስታደርግ አክስቴ ጮኸች።

«ትከሻዎንም ያምዎታል?»

«የግራውን። እንዴት አወቅሽ?»

«ስቅታስ?»

«እሱማ ሰው አነሳኝ እያልኩ ነው።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። በአልትራሳውንድ አየቻትና እኔንም ጠርታ አሳየችኝ። «ይሄ ጣፊያዋ ነው» አለች። «ይሄ ጥቁሩ ደግሞ እዚያ መኖር የሌለበት ነው።» የእንቁላል ያህል ጉድጓድ ነው፤ መግል ቋጥሯል። የጥርሷ ቁስል በደም ተጉዞ እዚያ ሰፍሮ ሊሆን ይችላል አለችኝ። ብዙ ጊዜ ስለማያጋጥም ሐኪሞችም ይስቱታል፤ የሚፈልገው ካላገኘ በቀር አይታይም። ለምርመራ ደሟን ወሰዱ፤ ልቧንም አዩላት፤ ልቧ ጤነኛ ነው።

መድኃኒቱ በደም ሥሯ ተጀምሯል። ግን ሐኪሟ «የቋጠረ መግል በመድኃኒት ብቻ አይሸነፍም፤ መውጣት አለበት» አለች። አሁን አንድ ስለሆነ በአልትራሳውንድ እያዩ በረጅም መርፌ ይቀዱታል፤ ቀጭን ቱቦም ይተዉበታል። ከቆየ ግን ጣፊያዋ በሙሉ ሊወጣ ነው። እዚያው ውስጥ ከፈነዳ ደግሞ የሚሆነውን አልነገረችኝም፤ ፊቷን አይቼ አልጠየቅኳትም።

አክስቴ ፈርሚ ስትባል እምቢ አለች። «እኔ ዶክተር ወልጄ በማላውቀው ሰው እጅ አልወጋም። ልጄ ይጻፍልኝ። ቃሉ ይምጣና እፈርማለሁ።» እኔ ልፈርምላት አልኩ። ከሕፃንነቴ ያሳደገችኝ የወንድሟ ልጅ መሆኔን ለነርሷ ላስረዳ ስጀምር አክስቴ አቋረጠችኝ። «አንቺ ልብስ ነው የምትሰፊው» አለች።

ገንዘብ አይደለም የምለምንህ። አንድ ቃል ነው። «ፈርሚ» በል። በፖስታ ቤት ቴሌግራም በል። ስልክ ቁጥርህን ሰጥተኸን አታውቅም፤ «ቀዶ ጥገና ክፍል ስልክ አይገባም» ብለሃል። ይሁን። ቴሌግራም ግን ይገባል።

ምላሷን የምታውቀው እህትህ፣
መቀስ

ኅዳር 18 ቀን፣ ቴሌግራም

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። መልስ በደብዳቤ።

ኅዳር 24 ቀን

ለውድ እናቴና ለእህቴ መቀስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድልሽ፣ እማዬ። በሥራ ብዛት ስለዘገየሁ ይቅርታ። በቀን እስከ ሃያ ሰው ቀዶ ጥገና ክፍል ስለማስገባ ብዕር ለማንሳት ጊዜ አላገኘሁም።

ጉዳዩን ከሙያ አንጻር አጥንቼዋለሁ። ወባ በሚበዛበት አካባቢ ጣፊያ ማበጡ የተለመደ ነው። ማሽኑ የሚያሳየው ጥቁር ነገር ሁሉ መግል አይደለም፤ ልምድ የሌለው ሐኪም በቀላሉ ይሳሳታል። ጣፊያ ደም የሞላበት አካል ነው። መርፌ ቢሰዱበት ደም ሊፈስስ፣ ደሙም አልቆም ሊል ይችላል። ስለዚህ ቢላዋም ሆነ መርፌ እንዳያስነኩሽ። መድኃኒቱን ለስድስት ሳምንት ያህል ትወስጃለሽ፤ ዕረፍት ታደርጊያለሽ፤ ከዚያ እንደገና ይታያል።

አትስጊ። እኔ እያለሁ ምንም አትሆኚም።

ልጅሽ

ታኅሣሥ 2 ቀን

እህቴ መቀስ፣

ይህ ደብዳቤ ለብቻሽ ነው። ያለፈውን ደብዳቤ ካላነበብሽላት ቅደጂው። ካነበብሽላትም ተሳስቷል በያት። ዛሬውኑ ትፈርም። መግሉ ይውጣ። ቴሌግራም ልልክ ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር። ሰልፉ ላይ ቆሜ ቃል ስቆጥር «አዎ ፈርሚ» ለማለት እንኳ መጀመሪያ ለምን እምቢ እንዳልኩ መናገር ያለብኝ መሰለኝ። ይሄ በቴሌግራም አይነገርም። ጥዬ ወጣሁ። ይህንንም እወቂልኝ፤ ፈርቼ ጥዬ ወጣሁ።

እኔ ዶክተር አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄ ከትምህርቱ ተባረርኩ። እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ «ዶክተር ልጄ» ማለት ጀምራ ስለነበር እሷን ላርማት አልቻልኩም። በሚቀጥለው ደብዳቤ እነግራታለሁ እያልኩ አሥር ዓመት አለፈ። እዚህ ሆስፒታል አልጋ ገፊ ነኝ። «በቀን ሃያ ሰው አስገባለሁ» ያልኩት ውሸት አይደለም። አልጋውን ገፍቼ በሩ ድረስ አደርሳለሁ፤ በሩ ላይ ይቀበሉኛል።

ለምን አትፈርሚ እንዳልኳት ልንገርሽ። የምገፋውን ሰው ሁሉ መልሼ ወደ ክፍሉ አላመጣም። አንዳንዱን ወደ ምድር ቤት ነው የምወስደው፣ አንሶላ ተሸፍኖ። ደብዳቤሽን ሳነብ አልጋው ላይ እማዬ ታየችኝ። ከዚያ የድሮ የትምህርት ቤት መጽሐፌን ገልጬ ስለ ወባና ስለ ጣፊያ አንድ ገጽ አገኘሁ። ልቤ የፈለገውን ስላገኘሁለት ዘጋሁት።

ትናንት ከስድስተኛ ፎቅ አንድ በሽተኛ ይዤ ስወርድ ሊፍቱ ውስጥ ትልቁ ቀዶ ሐኪም ገባ። ሳቅ የማያውቅ ሽማግሌ ነው። ለዓመታት «በሩን ያዝ» ከማለት በስተቀር አናግሮኝ አያውቅም። የነገርሽኝን ሁሉ ነገርኩት። ትኩሳቱን፣ ትከሻዋን፣ ስቅታውን፣ ማሽኑ ያሳየውን።

«ያየቻት ሐኪም ጎበዝ ናት» አለኝ። «መግሉን ቀዱላት?»

«ገና ነው።»

«ስንት ቀን ሆናት?»

«ወር ሊሞላት ነው።»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ማን ነው ቆይ ያላት?»

«ልጇ።»

«ሐኪም ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ እሱን ማን ጠየቀው?»

የምንወርድበት ፎቅ ደረስንና በሩ ተከፈተ። ወጥቶ ሄደ። እኔ አልጋውን ይዤ ቆምኩ፤ በሽተኛው ነው «ወንድም፣ አንወርድም?» ያለኝ።

ፈጥነሽ አስፈርሚያት።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 9 ቀን

ቀለሜው፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። እናትህ በሕይወት አለች። መጀመሪያ ይህን እወቅ፤ የቀረውን ቁጭ ብለህ አንብብ።

«መልስ በደብዳቤ» የሚለው ቴሌግራምህ ሲደርስ ለተረኛዋ ነርስ አነበብኩላት፤ የሚቀር ገጽ ያለው መስሏት ወረቀቱን ገለበጠችው። ለእናትህ «ልጅሽ እያጠና ነው» አልኳት። ደስ አላት። «እሱ ሳያጠና አይናገርም» አለች። እሷ በደስታ ስትጠብቅ ትኩሳቷ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። በጀርባዋ ተኝታ መተንፈስ አቃታት፤ ተቀምጣ፣ በግራ በኩል ትራስ አቅፋ ነበር የምታንቀላፋው። አጭሯ ሐኪም በየቀኑ እየመጣች ትለምናታለች። እናትህ «ልጄ» ትላለች። ሐኪሟ እኔን ኮሪደር ላይ ይዛ «ይሄ ልጅ የት ነው ያለው?» ትለኛለች። እኔ ምን ልበላት? ባሕር ማዶ፣ ሊያጠና።

ደብዳቤህ ታኅሣሥ 4 ቀን ደረሰ። ሃያ ስምንት ቀን ጠብቀንህ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ለአጭሯ ሐኪም ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አነበበችና አጣጥፋ መለሰችልኝ። «ይሄን ሐኪም አልጻፈውም» አለችኝ።

«ልጇ ነው የጻፈው።»

«ልጇ ሊሆን ይችላል» አለችና ሄደች።

ገባሁ። እናትህ መነጽር እንደምታደርግ ሴት አንገቷን አስግጋ ትጠብቃለች፤ ፊደል እንደማትለይ ታውቃለህ። «አንብቢ» አለችኝ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። አንዲት ቃልህን አላነበብኩም። «እማዬ» አልኩ፣ «የሐኪሞቹን ምርመራ አይቻለሁ። ትክክል ናቸው። እኔም ብሆን የማደርገው ይሄንኑ ነው። ዛሬውኑ ፈርሚ።»

«ድገሚልኝ» አለች።

ደገምኩላት። በሁለተኛው ጊዜ አሳመርኩት፤ «ጉልበትሽን ስሜያለሁ» ብዬ ጨመርኩበት፣ አንተ የረሳኸውን። አለቀሰች። ከዚያ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

ያ እንቁላል የሚያህለው ጉድጓድ ግን አንድ አልነበረም በዚያን ቀን። አራት ሆኖ ነበር። ከግራ ሳንባዋ ሥርም ውኃ ቋጥሯል። የመርፌው ጊዜ አልፏል አሉ። ታኅሣሥ 6 ቀን ጣፊያዋን አወጡት። ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ «ትንሽ ቢቆይ ውስጧ ይፈነዳ ነበር» አለኝ። እጁን እየታጠበ ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል በረጋ ድምፅ።

ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ትኩሳቱ የለም። ሾርባ ጠጥታለች።

አሁን ልጠይቅህ። ለምን እንደዚያ ጻፍክ? ምንም አታስጊጥልኝ።

መቀስ

ታኅሣሥ 22 ቀን

ወንድሜ፣

ሰላምታ ይድረስህ። ሁለተኛው ደብዳቤህ ትናንት ገባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል እንዲህ ነው።

አልጋ ገፊ መሆንህ አላስቆጣኝም። እኔም መርፌ ነው የምገፋው። ያስቆጣኝ ሌላ ነው። ፖስታ ቤት ድረስ ሄደህ፣ ሰልፍ ይዘህ፣ ቃል ቆጥረህ፣ ተመልሰህ ወጣህ። አንዲት «ፈርሚ» ብትልክ ኖሮ እናትህ ያለምንም ጥያቄ ትፈርም ነበር። ማንም ዲፕሎማህን አይጠይቅህም ነበር። አንተ ግን እናትህን ሳይሆን ስምህን አስታመምክ።

እዚህ ያለውን ልንገርህ። ክፍሏ ውስጥ ስድስት አልጋ አለ። ለሌሎቹ አምስት አስታማሚዎች ሁሉ «ልጄ ከባሕር ማዶ ሆኖ በደብዳቤ አዳነኝ» ብላ ተርካለች። የእግር ሕመምተኛዋ ሴትዮ «ለእኔም ይጻፍልኝ» ብላ አድራሻህን ጠይቃኛለች። አጭሯ ሐኪም ይህን ሁሉ እየሰማች ስፌቷን ታያለች፤ አንድ ቀን እንኳ አላረመቻትም። በሽታውን ያገኘችው እሷ ናት፤ የቀዶ ጥገናውን ቱቦ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ ምስጋናው ያንተ ነው። ሠላሳ የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቁ ተቆርጦ ቤቴ ተቀምጦ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሰው ልኮ ለሌላ ሰፊ ወሰደው። እውነታቸውን ነው፤ ልጆቹ ራቁታቸውን አይማሩም።

ጣፊያ የሌለው ሰው ጀርም ቶሎ ይጥለዋል ብለውናል። ሦስት ዓይነት ክትባት ያስፈልጋታል፤ አንዱን ሰጥተዋታል፣ ሁለቱ ከሌላ ከተማ ይመጣሉ። ከእንግዲህ ትንሽ ትኩሳት ቢሰማት ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። ዕድሜ ልኳን። ያ ሃያ ስምንት ቀን ይህን ነው የወሰደባት።

ለእኔ መናዘዝ ቀላል ነው፤ እኔ ከመናደድ ሌላ ምን አደርግሃለሁ? ለእሷ ጻፍላት። ስፌቷ እስኪፈታ ታገስና ጻፍላት።

መቀስ

ጥር 8 ቀን

እህቴ፣

ያልሽው ሁሉ ይገባኛል፤ አንዱንም አልከራከርም። በፖስታው ውስጥ ሌላ ወረቀት አለ፤ የእማዬ ነው። እባክሽ አንብቢላት። ከዚህ በፊት ያደረግሽውን አድርገሽ ሕይወቷን አትርፈሻል፤ አሁን ግን ቃል አትቀንሺ፣ አትጨምሪ። ፊቷን አይቼ ልነግራት ይገባኝ ነበር። መምጫ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ስላልተስተካከለ ከወጣሁ ተመልሼ መግባት አልችልም። ይሄም እውነት ነው፣ ካመንሽኝ።

ወንድምሽ

ጥር 28 ቀን

ቀለሜው፣

ሰላም ላንተ።

ወረቀትህን አነበብኩላት። ከሆስፒታል ከወጣች ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር፤ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች። እንዳልከኝ ቃል ሳልቀንስ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ዶክተር አለመሆንህን፣ መውደቅህን፣ አልጋ መግፋትህን። ስጨርስ ሳቀች።

«ማን ነው ይሄን የጻፈው?»

«ልጅሽ።»

«ልጄማ አይደለም። ልጄ አልጋ ገፊ ቢሆን ኖሮ ያን የመሰለ ደብዳቤ ከየት ያመጣል? ፈርሚ ብሎ ያዳነኝ እሱ አይደለም?»

ያን ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ። ስሜን የሰጠኝ ምላሴ ግን ቀደመኝ። «አይደለም» አልኳት። «አትፈርሚ ነው ያለው። እኔ ነኝ ፈርሚ ብዬ ያነበብኩልሽ።»

የሚገባት መስሎኝ ነበር፤ እንደ ሞኝ እጇን እስክትዘረጋልኝ ጠበቅኩ።

«እንግዲያው ያኔ የሌለ አንብበሻል» አለች።

«አዎ።»

«ዛሬም የሌለ አንብበሻል።»

«አክስቴ፣ በእናቴ አጥንት ይሁንብኝ…»

«አንዴ በወረቀት የዋሸ ሰው ምን ያግደዋል? ልጄን ስትቀኚበት ነው የኖርሽው። እሱ ተማረ፣ አንቺ መርፌ ያዝሽ፤ ሆድሽ ውስጥ ተቋጥሮ ኖሮ ዛሬ ፈነዳልሽ።» ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀችና ቀደደችው። ደግማ ቀደደችው። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ እጆቿ እንደዚያ ሲበረቱ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ማሽኔን ተሸክሜ ወጣሁ። ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ቁስሏን የሚያጥብላት የለም፤ ጎረቤቶቹ ምግብ ያቀብሏታል። ደብዳቤዋን ከእንግዲህ የሚያነቡላት ከፊት ለፊት ያሉት ጡረተኛው መምህር ናቸው።

አትፈርሚ ያልክበት ደብዳቤ አሁንም እጄ ላይ ነው። ለመምህሩ ወስጄ ማስነበብ እችላለሁ። አላደርገውም። ሰው በገዛ ቤቱ ሌባ ተብሎ፣ ኪሱን ገልብጦ አያሳይም። ከፈለግክ አንተው ጨርሰው። ካልፈለግክም እንደ ድሮው «በሥራ ብዛት» ብለህ ጻፍላት፤ ደስ ይላታል፣ መምህሩም ድምፃቸው ያምራል።

መቀስ

የካቲት 16 ቀን

ለውድ እናቴ፣

ይህን ለሚያነቡላት የተከበሩ መምህር፦ እባክዎ ሳይዘሉ ያንብቡላት። መሐል ላይ ያቁሙ ብትልዎትም አያቁሙ።

እማዬ፣ ጉልበትሽን እስማለሁ። የወንድምሽ ልጅ ባለፈው ያነበበችልሽ ወረቀት የእኔ ነው። ዶክተር አይደለሁም። በሽተኛ የተኛበትን አልጋ እገፋለሁ። ዶክተር ነኝ ብዬ አንድ ጊዜም አልጻፍኩልሽም፤ ዶክተር ስትይኝ ግን አይደለሁም ብዬም አልጻፍኩልሽም።

በኅዳር ወር ሐኪሞቹ እንዳይነኩሽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃሌን ሰምተሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የሚሰማ ጆሮ አይኖርሽም ነበር። ያዳነችሽ መቀስ ናት። ያንን ደብዳቤ እንደጻፍኩት ብታነበው ትሞቺ ነበር። የጠረጠርሽብኝን ቅናት እኔ አውቀዋለሁ፤ የእሷ አይደለም። ሠርታ የምትኖርበት እጅ ስላላት ስቀናባት የኖርኩት እኔ ነኝ።

ትኩሳት ከተሰማሽ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ። ይሄ የእኔ ቃል አይደለም፤ የሐኪሞቹ ነው።

ልጅሽ

መጋቢት 10 ቀን

ቀለሜው፣

ሰላም ሰንብተህ ይሆናል።

ደብዳቤህ የተነበበው በረንዳው ላይ ነው። የባሕር ማዶ ፖስታ መጣ ሲባል እናትህ ሦስት ጎረቤቶች ጠርታ ነበር፣ እንዲሰሙላት። መምህሩ መሐል ላይ ድምፃቸው ቢያንስም እንዳልካቸው አላቆሙም። ሲጨርሱ እናትህ «አመሰግናለሁ መምህር» ብላ ወረቀቱን ተቀብላ፣ አጣጥፋ፣ ከደረቷ ከትታ ገባች። ይህን የነገረችኝ ከሦስቱ አንዷ ናት፤ ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ።

አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከእሷ ምንም አልሰማሁም። እኔም አልሄድኩም። መሄድ ነበረብሽ የምትል ከሆነ፣ አንተ የት ነበርክ እልሃለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አንገትጌ እየሰፋሁ ቀና ስል በሬ ላይ ቆማለች። በምርኩዝ፣ ብቻዋን፤ ከቤቷ እስከ ገበያው ያለውን መንገድ ታውቀዋለህ። ይቅርታ አላለችኝም። «ብርድ ብርድ ይለኛል» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት።»

ማሽኑን እንኳ ሳልከድን ይዣት ወጣሁ። አጭሯ ሐኪም ገና ስታየን ተነሳች። ጀርም ሳንባዋን ነክቷታል፤ ገና ጅምሩ ላይ ነው። «ነገ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምነግርሽ» አለችኝ። መድኃኒቱ በዚያው ሰዓት ተጀመረ። ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው፤ ትኩሳቱ ለቋታል። የቀሩት ሁለት ክትባቶች ደግሞ እስካሁን መንገድ ላይ ናቸው፤ ወይም እንደዚያ ይሉናል።

አልታረቅንም። ይህን ለማስዋብ አልሞክርም። ፊቷን አጥባታለሁ፣ ትራሷን አስተካክላለሁ፣ እሷም «ተይ ይበቃል» ትለኛለች፣ ለነርሷ እንደምትለው። ወደ ቤቷ ስትመለስ አብሬያት አልገባም፤ እሷም ግቢ አላለችኝም። አንተንም ይቅር አላልኩህም። ደብዳቤህ ጥሩ ደብዳቤ ነው፤ ዓመታት ዘግይቷል እንጂ።

በክፍሉ ውስጥ ስለ ልጇ ለማንም አትናገርም። አዲስ የገባች በሽተኛ «ልጅ አለዎት?» ብትላት «አለኝ» ብቻ አለቻት።

ትናንት ከሰዓት ግን አንድ ሠራተኛ ሽማግሌ በሽተኛ በአልጋ ይዞ ገባ። የበሩ ደፍ ላይ መንኮራኩሩ ያዘው፤ ወደ ኋላ ጎትቶ፣ በትከሻው ገፍቶ፣ በሽተኛው እንዳይነቃነቅ በአንድ እጁ ደግፎ አሻገረው። እናትህ ቀና ብላ እስኪወጣ ድረስ አየችው።

«አልጋ መግፋት ይከብዳል?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

«ጻፊና ጠይቂው።»

ይኸው ጠየቅኩህ። መልሱን በመምህሩ በኩል ለእሷ ጻፍላት።

መቀስ